ምንም አልቀመሰችም

ነርስ ስትጠይቅ ያናድደኝ ነበር። ሰው አልጋ ላይ ወድቆ እያቃሰተ አያትህ በምን ሞቱ ይባላል? ትላንት ምን በላህ፣ ሽንትህ እንዴት ነው፣ ከማን ጋር ትኖራለህ… መድኃኒቱን ስጪና ልሂድ! እንዲህ ነበር የማስበው። ያሰብኩትን ደግሞ ውጬ የማስቀር ሰው አይደለሁም። ዛሬም አይደለሁም። ዛሬ ግን ነርስ ስትጠይቅ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ፤ ሳትጠይቀኝም እጨምርላታለሁ። እንዲህ ያደረገኝ በእህቴ ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ያኔ አቡ ዳቢ አጠገብ፣ ሙሳፋህ ውስጥ ጋራዥ እሠራ ነበር። ሥራዬ የተጋጨ መኪና ላሜራ መቀጥቀጥ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። ስልኬ ላይ ሰው የማገኘው በፎቶው ነው፤ ፎቶ የሌለው ሰው ለእኔ ስልክ የለውም ማለት ነው። ማንበብ አለመቻሌን አውቆ የሳቀብኝ ሰው መዶሻዬን ነበር የማሳየው። ከሰው ጋር ብዙም አልስማማም፤ ሰውም ከእኔ ጋር አይስማማም።

የምስማማው ከእህቴ ከእናኑ ጋር ብቻ ነበር። እናትና አባታችን ቶሎ ሞቱብንና እኔ ነኝ ያሳደግኳት። እኔ ድንጋይ ስሸከም እሷ ተማረች። እንደ አባት ትፈራኛለች፣ እንደ እኩያዋም ትቀልድብኛለች። «ጋሼ» ነው የምትለኝ።

እናኑ ወደዚህ የመጣችው መንግሥታችን ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን በከለከለበት ዘመን ነው። ክልከላው መንገዱን አጣመመው እንጂ አልዘጋውም። አትምጪ ብዬ ስልክ ላይ ጮኼባት ነበር፤ በጉብኝት ቪዛ መጣች። ደላላው ቦሌ ላይ የምትለውን አስጠናት፤ «ዘመድ ልጠይቅ ነው በይ።» ለዚህኛው አገር ምርመራ ደግሞ ሌላ አስጠናት። «ሐኪም ታመሽ ታውቂያለሽ ካለሽ፣ ምንም። መድኃኒት ትወስጃለሽ ካለሽ፣ ምንም። አመመኝ ያልሽ ቀን ተመላሽ ነሽ፤ ከተመለስሽ ደግሞ በሩ ዝግ ነው።» እናኑ ይህችን «ምንም» የምትባል ቃል እንደ ጸሎት ያዘቻት።

አል ዓይን፣ አል ሙዋይጂ ሰፈር አንድ ቤት ገባች። ማዳሟ ክፉ አልነበረችም። እኔ ስለ ማዳሞች ደግ ስናገር የሰማኝ ሰው ስለሌለ ይህን እመኑኝ። ዓርብ ዓርብ እየሄድኩ አያት ነበር። ማዳም በር ላይ ቆማ «ወንድምሽ ዛሬም ተኮሳትሯል» ትላታለች በዓረብኛ፤ እናኑ ትስቃለች።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ጋራዡ ውስጥ ብረቱ እጅ ሲያቃጥል ስልኬ ጮኸ። የማዳም ፎቶ ነው። እሷ ለእኔ ደውላ አታውቅም።

«እህትህ ወደቀች። ሆስፒታል ነን። ያላ፣ ቶሎ ና!»

መዶሻውን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። በታክሲ እስከ አውቶቡስ ጣቢያው፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ አል ዓይን። መንገዱ ሁሉ አሸዋ ነው። ሰው ስለ እግዜር የሚለው ሁሉ በአፌ መጣ፤ የሚያስቀይመውም የሚለምነውም።

ክፍሉ ስገባ እናኑ ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች። ፊቷ አብጧል፤ ከንፈሯ ነጥቷል። ዓይኗን ገልጣ ስታየኝ ልትነሣ ሞከረች።

«ጋሼ… ራሴን። ራሴን ሊፈልጠኝ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ። አልነገርኩህም። ትቆጣለህ ብዬ።»

ማዳም ጥግ ላይ ቆማ እጇን ታፍተለትላለች። «ሳይማ ናት» አለችኝ፤ ጾመኛ ናት ማለቷ ነው። «እንኳን ምግብ ውሃም አትጠጣም። በዚህ ሙቀት! እኔም ነግሬያታለሁ፣ ለሐኪሙም ነግሬዋለሁ። ታስመልሳለች፣ ግን ምንም አትጠጣም።»

ማዳም ልብስ ልታመጣላት ወጣች። ያን ጊዜ እናኑ ወደ አልጋው ሥር በዓይኗ ጠቆመችኝ። «ጸበሌን» አለች በሹክሹክታ። ከቤት ስትወጣ ሌላውን ሁሉ ትታ ይዛው የመጣችው እሱን ነው፤ አምስት ሊትር የሚይዘው የውሃ ፕላስቲክ፣ በነጠላ የተጠቀለለ። ጸበሉ ከአገር ቤት የመጣው በትንሽ ጠርሙስ ነበር። እናኑ በትልቁ ፕላስቲክ ውሃ ላይ ጨመረችው። ሲያጥር እንደ እርሾ ጥቂት ታስቀርበታለች፣ ላዩ ላይ ውሃ ትሞላበታለች፣ ሁሉም ጸበል ይሆናል። እኛ ዘንድ ይህ ያለ ነው።

ቀና አድርጌ በኩባያ ሰጠኋት። ጨርሳ ጨምርልኝ አለችኝ፤ ጨመርኩላት። ጥቂት ቆይታ አስመለሰች። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ጸበል ጠጥቶ ያስመለሰ ሰው በሽታው እየወጣለት ነው። እናታችንም እንደዚህ ነው ያስተማረችን። ደግሜ ሞላሁላት።

በሩ ተንኳኳ። እናኑ በዓይኗ መልሳ ወደ አልጋው ሥር አመለከተችኝ። ፕላስቲኩን ገፋሁና ነጠላውን ጣል አደረግኩበት።

የገባችው ጠይም፣ ደርባባ ሴት ናት። ኮምፒውተር በጎማ እየገፋች ነው የመጣችው።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ። የእናኑ ወንድም ነዎት? መሠረት እባላለሁ። ሌላ ክፍል ነው የምሠራው፤ አማርኛ የሚችል ሰው ሲፈልጉ ጠሩኝ። እንኳን መጡልን፣ ጌታ ይባርክዎት።»

«ጌታ ይባርክዎት» ስትል ገባኝ። አንገቷን አየሁ፤ ማተብ የለም። ጴንጤ ናት። ፕላስቲኩን በመሸፈኔ ራሴን አመሰገንኩ። የምንሥቀውም የምናለቅሰውም እኛው እንሁን እንጂ የእናቴን እምነት ለማንም መሳቂያ አላደርግም።

ቆማ ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች።

«ከዚህ በፊት የታከመችው በሽታ አለ?»

«ምንም» አለች እናኑ ከትራሱ ላይ።

«ቀዶ ጥገና? የማይስማማሽ መድኃኒት?»

«ምንም።»

«አሁን የምትወስጅውስ?»

«ምንም የለም አለችሽ እኮ!» አልኩ እኔ።

«እሺ ጋሼ። የባህል መድኃኒትስ? ቅጠል፣ ሥር፣ የሚታጠኑት ነገር?»

«ባላገር ስለሆንን ጠንቋይ ደጅ የምንጠና መሰለሽ?»

ሳቅ አለች። «እኔም ባላገር ነኝ። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ነው ያደግሁት። ሁሉንም ሰው ነው የምጠይቀው፤ ትላንት አንድ ፕሮፌሰር ጠይቄያለሁ፣ እሳቸውም ተቆጡኝ። ምግብና መጠጥስ?»

«ፍልሰታ ነው። ጾመኛ ናት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ በአፏ አይዞርም። ከዚያ በኋላም ዘይት የለ፣ ጨው የለ፤ የተቀቀለ ሽንብራ ነው የምትቀምሰው።»

«ውሃም አትጠጣም?»

«ጾም ምን እንደሆነ አታውቂም እንዴ?»

«አውቃለሁ። ግን ከእናንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው። ዛሬስ ምንም አልጠጣችም?»

«ምንም አልቀመሰችም።»

ይህን ስል ኩባያው በእጄ ውስጥ ነበር። ገና አልደረቀም። አልዋሸሁም። በእኔ ቤት ያን ያህል እውነት ተናግሬ አላውቅም።

ሲስተር መሠረት ጻፈች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ አንድ አፍታ ውጭ ይቆዩልኝ። ብቻዋን የምጠይቃት አለ።»

«አባቷም እናቷም እኔ ነኝ።»

«ለዚያ ነው ውጭ የሚቆዩት። በአባት ፊት የማይወራ ነገር አለ።»

ምን እንደጠረጠሩ ገባኝ። በዚህ አገር ያላገባች ሴት አርግዛ ብትገኝ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ልበሳው እያማረኝ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ስትወጣ ፊቴን አይታ አላቆየችኝም። «የጠረጠሩት ነገር የለም። በምርመራም የለም። ይግቡ።»

የሚያክማት ሱዳናዊ ዶክተር መጣ። ዓረብኛው ግልጽ ነው። «ደሟ ውስጥ ያለው ጨው ወርዷል» አለኝ። «ሙቀቱ፣ ጾሙ፣ ማስመለሱ፤ ሰውነቷ ደርቋል። በግሉኮሱ ጨውና ውሃ እንመልስላታለን።» ጥሩ ነገር ተናገረ። ሁሉም ነገር ገጠመ፤ ማዳም የነገረችው፣ እኔ የነገርኩት፣ እናኑ የነገረችው። ሦስታችንም አንድ ቃል ነው የተናገርነው። ዶክተሩ ምን ያድርግ?

ግሉኮሱ በአንድ በኩል ይንጠባጠባል፤ እኔ ሰው ሲወጣ በሌላ በኩል አጠጣለሁ። ሲያልቅ ከኮሪደሩ የውሃ ማሽን ሞልቼ መጣሁ፤ እርሾውን አልነካሁም። የጽዳት ሠራተኛዋ ነጠላ የለበሰውን ፕላስቲክ በመጥረጊያዋ ገፋ አድርጋ አለፈችው። አመሻሹ ላይ ጠያቂ ይውጣ ሲሉ ኩባያውን ሞልቼ ለእጇ በሚቀርበው ጠረጴዛ ላይ ትቼላት ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ስመጣ እናኑ አላወቀችኝም።

«አባዬ» አለችኝ። አባታችን ሲሞት ገና ጡት አልጣለችም ነበር። «አባዬ፣ ውሃው ቤቱን ሞላው።»

አጠጣኋት። ጸበሉ ያን ሁሉ እያናገራት መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ፣ ጥርሷ ገጠመ። ጮኽኩ። ነርሶች ሮጡ፤ ወደ ጎን አዞሯት፣ መርፌ ወጓት። ዝም ብላ ስትተኛ የሞተች መሰለኝ።

ዶክተሩ ወረቀት ይዞ መጣ። ፊቱ እንደ ትላንቱ አይደለም። «ጨው እየሰጠናት የደሟ ጨው ይወርዳል» አለ። «እንዲህ ከቀጠለ አንጎሏ ያብጣል። ወደ አቡ ዳቢ ልንልካት ይሆናል። በመንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ግን ቃል አልገባልህም።»

ሲስተር መሠረት ከኋላው ቆማለች። እሷ የምታየው የእናኑን ፊት አይደለም፤ ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት ነው።

«ዶክተር» አለች፣ «ይህን ያህል ሽንት፣ ያውም እንደ ውሃ የነጣ፣ ከደረቀ ሰው ይወጣል?»

ዶክተሩ አየው። «ለዚህ ነው ሌላ ምርመራ የማዘው» ብሎ ወጣ።

እሷ አልተከተለችውም። ኮምፒውተሩንም አላመጣችም። ወንበር ጎትታ ከእኔ ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ትላንት ቆሜ ነው የጠየቅኩዎት። ደህና አድርጌ አልጠየቅኩም። ዛሬ አልጠይቅም፤ ይንገሩኝ። እናኑ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ምን ታደርጋለች?»

«ሌላ ሥራ የለሽም?»

«አለኝ። ይሄ ይቀድማል።»

«እህቴ እየሞተች ተረት ልንገርሽ?»

«ይንገሩኝ። እየተቆጡም ቢሆን ይንገሩኝ።»

ተቆጥቼ ነገርኳት። ልጎዳት ፈልጌ ነበር። እህቴን ላድናት አልቻልኩም፤ አጠገቤ ያለችው እሷ ናት።

«ትነሣለች። እንደናንተ ጣራ የሚያናጋ ጩኸት አትጮህም፤ ዝም ብላ ወደ ግድግዳ ዞራ ትጸልያለች።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ትሰግዳለች። ጉልበቷ እስኪላጥ።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«እሺ እሺ አትበይኝ! እናንተ መቼ ታውቃላችሁ? እናንተ ጸበል ትንቃላችሁ። እሷ ግን ራሷ እየተፈለጠ፣ አንጀቷ እየተገለበጠ፣ ጎህ ሳይቀድ ጀምራ በባዶ ሆዷ ትጠጣለች! ባመማት ቁጥር ትጨምራለች! አንቺ ኩባያ የማትደፍሪውን እሷ ይህን ትጨርሳለች!» ጎንበስ ብዬ ነጠላውን ገፈፍኩና ፕላስቲኩን እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ዱብ አደረግኩት። «ይኸው! አሁን ሳቂ!»

አልሳቀችም። ፕላስቲኩን አየች። ከግማሽ በታች ነው።

«ይህን ሙሉ?» አለች ቀስ ብላ።

«ሙሉ! ሲያልቅ ደግሞ እኔ እሞላዋለሁ!»

«እዚህ? ሆስፒታል ውስጥ?»

«እዚህ።»

«ትላንት?»

«ትላንትም ዛሬም።»

«ጋሼ… ትላንት ውሃ አልጠጣችም አሉኝ።»

«አልጠጣችም!»

«ይሄስ?»

«ይሄ ጸበል ነው! ጸበል ጾም አያስገድፍም!»

ከአፌ የወጣውን ቃል ራሴ ሰማሁት። እሷ የምታየው እኔን ነው። በፊቷ ላይ ድል አልነበረም፣ ንቀት አልነበረም። ከተቀመጠችበት ተነሥታ ግሉኮሱን ዘጋችው።

«ወጥ ላይ ውሃ ቢጨምሩበት፣ ደግሞም ቢጨምሩበት ጨዉ ምን ይሆናል?»

«ይጠፋል።»

«የእናኑም ደም እንደሱ ነው። ጨው ያለበት አትበላም፣ ውሃ ግን እላዩ ላይ ይፈስበታል። ጨዉ ሲቀጥን ራስ ያማል፣ ያስመልሳል። ሲያማት ደግሞ ትጨምራለች።»

«ማስመለሷ… በሽታው እየወጣላት አይደለም?»

«አይደለም ጋሼ። በሽታው እየገባ ነው» ብላ ሮጠች። ያቺ ደርባባ ሴት ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶክተሩ በአንድ እስትንፋስ መጣ። ፕላስቲኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ግንባሩን መታ። ቀድሞ የተሰቀለው ወረደ፤ ጨው የበዛበት ሌላ፣ በማሽን እየተለካ በቀስታ የሚገባ፣ ተተካ። በፍጥነት ቢገባም አንጎልን ይጎዳል አሉኝ። ውሃ ክልክል ሆነ፤ በማናቸውም ስም የሚጠራ ውሃ።

ከሰዓት በኋላ እናኑ ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ «ጸበሌን» ነበር።

«የለም» አልኳት።

«ማን ወሰደው?» ሲስተር መሠረትን አየቻት። አንገቷን አየች። «ለእሷ አሳልፈህ ሰጠኸኝ?»

«እናኑ፣ ውሃው ነው ያመመሽ።»

«ውሃ አይደለም! ጋሼ ካድክ? ጸበል የሚከለክል ሰይጣን ብቻ ነው!» ብላ በግሉኮሱ የተወጋ እጇን መንጨቅ ጀመረች። ሁለት ሰው ያዛት። ታገለች። ጉልበቱን ከየት እንዳመጣችው እንጃ። «እንዲህ ከሆነ ልሙት! ተዉኝ ልሙት!»

አሁን ፍርሃቱ ሌላ ሆነ። መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ የምንሰጣት ሰው ግን እንቢ ብላለች። መርፌውን ብትነቅል፣ ሰው ዞር ሲል ከቧንቧ ብትጠጣ አለቀ።

ሰይጣን የተባለችው ሴት የእናኑን እግር ይዛ «የንስሐ አባትሽ ማን ናቸው?» አለች።

«ምን አገባሽ?»

«አቡ ዳቢ ያሉት አባ ናቸው» አልኩ እኔ።

«ስልካቸው አለዎት?»

ፎቷቸውን ፈልጌ ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋት። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«አባ፣ እንደምን ዋሉ። ነርስ ነኝ፤ ከአል ዓይን ሆስፒታል ነው የምደውለው። እኔ የእርስዎ እምነት ተከታይ አይደለሁም፣ ጴንጤ ነኝ። ግን የእርስዎ ልጅ እጄ ላይ ናት፤ እኔን አትሰማኝም፣ እርስዎን ትሰማለች።»

«ንገሪኝ ልጄ» አሉ።

ነገረቻቸው። ስትናገር ጸበሉን አንዴም አላቃለለችም፤ «ጸበሉ ጎዳት» አላለችም። «ውሃው ልኩን አልፎባታል» ነው ያለችው። አዳምጬ ነበር። አንዲት ቃል ብትስት ልይዝባት እየጠበቅኩ ነበር። አልሳተችም።

«እናኑ» አሉ አባ። «ትሰሚኛለሽ?»

«አባ…» አለቀሰች።

«ጸበል በብዛቱ ነው የሚፈውሰው ያለሽ ማን ነው? እኔ ብዬሻለሁ?»

«አላሉኝም።»

«ከንፈርሽን ማራስ ይበቃሻል። ለታመመ ሰው ጾሙም ቀርቶለታል፤ ፈትቼሻለሁ። ሐኪሟ ብዪ ያለችሽን ብዪ፣ ተዪ ያለችሽን ተዪ። እጅሽን ከመርፌው ላይ አንሺ።»

እጇን አነሣች።

ሲስተር መሠረት መድኃኒት የሚሰጥባትን አውራ ጣት የምታህል ኩባያ አምጥታ ከፕላስቲኩ ጥቂት ቀዳችና ለእኔ ሰጠችኝ። «እኔ ከምሰጣት እርስዎ ይስጧት» አለች። በጣቴ አጥቅሼ የእህቴን ከንፈር አራስኩት። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋችልኝ። «ከአሁን በኋላ ሐኪሙ ፈቅዶ በዚህች ኩባያ በጠጣች ቁጥር አንድ አንድ መስመር ያድርጉልኝ። ውሃም ይሁን፣ ሾርባም ይሁን፣ ጸበልም ይሁን።»

«እኔ መጻፍ አልችልም» አልኩ። ይህን ለሰው በአፌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ላሜራ እቀጠቅጣለሁ።»

«ከመምታትዎ በፊት ብረቱ ላይ ምልክት አያደርጉም?»

«አደርጋለሁ።»

«በቃ፣ እሱን ያድርጉ።»

አደረግኩ። ያን ቀንና በማግስቱ ከአልጋዋ ጎን ተቀምጬ መስመር ሳሰምር ዋልኩ። ጋራዡ ደውሎ «ሥራ የለህም?» ሲለኝ «አለኝ» አልኩት።

የደሟ ጨው ቀስ እያለ ከፍ ማለት ጀመረ። ዶክተሩ በየጊዜው ደሟን እያየ «ጥሩ፣ ጥሩ፣ ቀስ ይበል» ይላል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት እናኑ ዓይኗን ገልጣ አተኩራ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ምነው ጺምህ? አስቀያሚ ሆነሃል።»

ዞር ብዬ መስኮቱን አየሁ። ወንድ ልጅ በሰው ፊት አያለቅስም ብዬ አይደለም፤ ልትቀልድብኝ እንደሆነ አውቄ ነው።

«ይሄ ወረቀት ምንድን ነው?»

«የጠጣሽው።»

«ጸበሉንም ቆጠርከው?»

«ጸበሉንም።»

«ሲስተሯስ ምን አለች?»

«አንቺ ሰይጣን ነሽ አልሻት፣ እሷ ኩባያ አመጣችልሽ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሲስተር መሠረት ስትገባ ከነጠላው ሥር «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» የሚል ድምፅ ወጣ። «ስሜን ብቻ ነው የሳትሽው፤ መሠረት ነኝ» አለቻት።

እናኑ ወደ ማዳሟ ቤት ተመለሰች። ማዳም፣ እናኑ ከሆስፒታል እስክትወጣ ድረስ፣ ሾርባ በሳህን ስታመላልስ ነበር፤ ጨው የበዛበት፣ አፍ የማይገባ ሾርባ፣ ዶክተሩ ጨው ብሏል ብላ። እኔም ወደ ሙሳፋህ ተመለስኩ። ያን ወረቀት ግን አልጣልኩትም። በሕይወቴ መጀመሪያ የጻፍኩት ነገር የእህቴ ውሃ ነው። መስመር ማስመር ከቻልኩ የቀረውስ ለምን ያቅተኛል አልኩ። ዓርብ ዓርብ እዚያው አል ዓይን ውስጥ፣ አል ቃጣራ በሚባለው ሰፈር የተምር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን እናኑ ፊደል አስቆጠረችኝ። ክፉ አስተማሪ ናት፤ ስሳሳት ትስቃለች፣ እኔም መዶሻ አላነሣሁባትም። ይኸው ዛሬ ይህን በገዛ እጄ እጽፋለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ምክር መስጠት አልወድም፤ ግን ዋጋ ከፍዬበታለሁ። በዚያ ዘመን መንግሥታችን እንደ እናኑ ያሉትን «አልሄዱም» ይል ነበር። ሄደዋል፤ ቆጠራ ውስጥ አልገቡም እንጂ። እኔም ውሃውን «አልጠጣችም» እል ነበር። ጠጥታለች፤ እኔ ውሃ ብዬ አልቆጠርኩትም እንጂ። ስለዚህ ነርስ ስትጠይቃችሁ እናንተ የምትቆጥሩትን ብቻ አትንገሯት። የጠጣችሁትን ሁሉ፣ የዋጣችሁትን ሁሉ፣ የተቀባችሁትን፣ በአንገታችሁ ያሰራችሁትን ንገሯት። ትስቅብኛለች ብላችሁ አትደብቁ። ከሳቀችባችሁ ሌላ ነርስ ጥሩልኝ በሉ፤ መብታችሁ ነው። ደላላ ያስጠናችሁን «ምንም» ደላላው በር ላይ ተዉት።

እናንተ የምትጠይቁት ደግሞ፣ ነርሶችም ሐኪሞችም፣ ወንበር ሳቡ። እንደ እኔ ያለ አፈ ክፉ ሲገጥማችሁ አትሽሹ። እኔ እውነቱን የተናገርኩት ልሳደብ ብዬ ነው። ያቺ ሴት ስድቤን ሰምታ ብትወጣ ኖሮ እናኑ ዛሬ የለችም።

ጸበሉን ትታ እንደሆነ የሚጠይቀኝ አለ። አልተወችም። እኔም አልተውኩም። በትንሿ ኩባያ ነው። ክልከላው ከተነሣ በኋላ አገሯ ገብታለች፤ አግብታለች። ጠዋት ጠዋት እደውላለሁ። እንደ ድሮው «ደህና ነሽ?» አልላትም፤ ለእሱ ሁሉም ሰው የሚመልሰው አንድ ነው።

«ዛሬ ምን ጠጣሽ?» ነው የምላት።

ትስቃለች። ከዚያ ትዘረዝርልኛለች፤ ሻዩን፣ ውሃውን፣ ጸበሉን። «ምንም» ብላኝ አታውቅም።